ሀዋሳ ላይ የቤት ውስጥ ዲዛይንና የልጆች ልብስ ስፌትን አብሮ ማስኬድ

እነዚህን ሁለት ሥራዎች የያዘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው ቀኑን ለሁለት ሲከፍል ነው፤ ጠዋት ዲዛይን፣ ከሰዓት በኋላ ስፌት። ይህ ክፍፍል ሳምንት አይቆይም። ዲዛይን በሌላ ሰው ሰዓት የሚሄድ ሥራ ነው፤ አናጺው ሲመጣ፣ ስቱኮው ሲደርቅ፣ ባለቤቱ ከመስክ ሲመለስ ይንቀሳቀሳል። ስፌት ደግሞ በራስ እጅ ብቻ የሚሄድ ነው፤ ተቀምጠው ካልሰፉት ጨርቁ እንደተቆረጠ ያድራል። ስለዚህ መጀመሪያ ዓመቱን ክፈሉ። ቀጥሎ ዲዛይኑ ቆሞ የሚጠብቅባቸውን ሰዓታት በስፌት ሙሉ።

ዓመቱን መክፈል

የልጆች ልብስ ትዕዛዝ የሚመጣበት ጊዜ የታወቀ ነው። ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል በነሐሴ፣ ለገናና ለጥምቀት በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ለፋሲካ በሁዳዴ አጋማሽ፣ ለመዋዕለ ሕፃናት ምርቃት በሰኔ ይበዛል። የዒድ አልፈጥር ቀን ከዓመት ዓመት በ11 ቀን ገደማ እየቀደመ ይመጣል፤ የሲዳማ ዘመን መለወጫ የሆነውን የፍቼ ጨምበላላን ቀን ደግሞ አያንቱ የሚባሉት የሲዳማ ዘመን ቆጣሪዎች ኮከብና ጨረቃ ተመልክተው ነው የሚቆርጡት። ለነዚህ ሁለቱ ቀኑን ሳይሆን ወሩን ያዙና የጨርቅ ግዢውን ቀድማችሁ ጨርሱ።

የዲዛይኑም ሥራ የራሱ ወቅት አለው። መሥሪያ ቤቶች የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ግንቦትና ሰኔ ላይ ቢሮ ለማሳመር ይሯሯጣሉ። ሆቴልና የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው ደግሞ ለታኅሣሥ 19 የገብርኤል ንግሥ እንግዳ ከተማውን ሳይሞላው ክፍሎቻቸው እንዲያልቁ ይፈልጋሉ። ግጭቱ እዚህ ላይ ነው። የሆቴሉ ርክክብ፣ የገና ቀሚስና የጥምቀት ቀሚስ ሁሉም በአንድ ወር ውስጥ ይገናኛሉ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚባለው ለደንበኛዋ እውነት ነው፤ ጥር 12 የደረሰ ቀሚስ ምንም ቢያምር ዋጋ የለውም። የሆቴሉም ባለቤት መብራት ያልተገጠመለት ክፍል ለእንግዳ አያከራይም።

ስለዚህ ከኅዳር 25 እስከ ጥር 11 እና ከነሐሴ 10 እስከ መስከረም 17 ርክክቡ የሚወድቅ የዲዛይን ውል አትፈርሙ። ሥራው ካጓጓችሁ ርክክቡን ኅዳር 20 አድርጉት ወይም ወደ የካቲት ግፉት። በሰኔ በተቃራኒው ስፌቱን ቀንሱ። የመሥሪያ ቤት ክፍያ በበጀት መዝጊያ የሚለቀቅ በመሆኑ እሱን ማስቀደም ይሻላል፤ የምርቃት ቀሚስ ሦስት አራት ብቻ ያዙ።

ስንት ትዕዛዝ መያዝ ይቻላል?

ይህን በስሜት አትመልሱት። ለአራት ዓመት ልጅ ሽብሽብ ቀሚስ መቁረጡ 45 ደቂቃ፣ የመኪና ስፌቱ 2 ሰዓት ተኩል፣ ቁልፍና እጥፋትን የመሰለው የእጅ ሥራ 1 ሰዓት፣ መተኮስና ማሸግ 20 ደቂቃ ይፈጃል። ድምሩ 4 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ነው፤ 5 ሰዓት ብላችሁ ያዙት። በሳምንት ለስፌት በእርግጠኝነት የምታገኙት 15 ሰዓት ከሆነ በሳምንት 3 ቀሚስ ነው። ከበዓሉ በፊት አራት ሳምንት ካለ የመጨረሻውን ሳምንት ለማስተካከያ ተዉት፤ በሦስቱ ሳምንት 9 ይሰፋል፤ 8 ተቀበሉ። ዘጠነኛው ቦታ መብራት ለጠፋበት ቀን ነው። ስምንቱ ከሞላ መዝገቡን ዝጉ፤ የአክስት ልጅም ብትሆን ለሚቀጥለው በዓል ትመዝገብ።

የራሳችሁን ሰዓት ለማወቅ በሦስት ቀሚስ ላይ እያንዳንዱን ደረጃ በስልክ ሰዓት ለኩ። አብዛኛው ሰው የሚረሳው ክር መቀየሪያውን፣ ቦቢን (የታችኛው ክር መጠምጠሚያ) መሙያውንና ካውያ ማሞቂያውን ነው፤ ሦስቱ አንድ ላይ በቀሚስ ሩብ ሰዓት ይበላሉ።

የዲዛይኑ ጥበቃ የስፌቱ ሰዓት ነው

አዲስ የሲሚንቶ ልስን ቀለም ከመቀባቱ በፊት 28 ቀን ያህል ይጠብቃል። ይህ ትልቁ ክፍተት ነው፤ ሙሉ የበዓል ትዕዛዝ የሚቆረጠውና የሚሰፋው በዚህ ጊዜ ነው። በስቱኮ አንድ ዙርና በሚቀጥለው መካከል አንድ ቀን ይሄዳል፤ በክረምት፣ የሐይቁ እርጥበት ሲጨመርበት፣ ከዚያም በላይ። በዚያ ቀን የመኪና ስፌት ሥሩ። በውኃ የሚበጠበጥ ቀለም በመጀመሪያውና በሁለተኛው ቅብ መካከል 4 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ቤት ደርሶ ለመቁረጥ አያመችም፤ ለእጅ ሥራ ግን ይበቃል።

ለዚህ አንድ ዚፕ ያለው ፕላስቲክ ቦርሳ አዘጋጁ፤ የተቆጠሩ አምስት መርፌዎች፣ ነጭና የጨርቁ ቀለም ያለው ክር፣ ትንሽ መቀስና እጥፋቱ የቀረው ልብስ ይግባበት። ግን ሳይት ላይ አትክፈቱት። የጂፕሰም ብናኝ ጥጥ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፣ የሕፃን ቆዳም ያሳክካል፤ በነጭ ፈትል ላይ የተንጠባጠበ ቀለም ደግሞ አይለቅም። ሐይቁ ዳር አንድ ጥላ ወይም ቡና ቤት ይበቃል።

መቁረጥ ግን በክፍተት የሚሠራ ሥራ አይደለም። የሚበላሸው ልብስ አብዛኛው የሚበላሸው ሲቆረጥ ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ በመሐል የመጣ ስልክ ነው። ማክሰኞ ከጠዋቱ 2 እስከ 6 ሰዓት ለመቁረጥ ብቻ ያዙ። ቅዳሜ አይሆንም፤ ሥራ የሚውሉ ባለቤቶች ሳይት ማየት የሚችሉት ቅዳሜ ነው። ሰኞም አይሆንም፤ ቅዳሜ የተወሰነውን ዕቃ ለመግዛት አናጺውና ቀለም ቀቢው የሚደውሉት ሰኞ ነው። ለሠራተኞቹ «ማክሰኞ እስከ 6 ሰዓት ስልኬ ዝግ ነው፣ የሚያስፈልጋችሁን ሰኞ ማታ ንገሩኝ» በሉ። ሁለት ሳምንት ያጉረመርማሉ፤ ከዚያ ይለምዱታል።

በተረፈ የዲዛይን ሥራ የስፌት ቀን የሚሰርቀው በተረሳ ልኬት ነው። አንድ መስኮት ሳይለካ ቀርቶ በባጃጅ ሄዶ መመለስ ግማሽ ቀን ነው። በመጀመሪያው ጉብኝት ሁሉንም ሁለት ጊዜ ለኩ፤ መስኮትን ከላይ፣ ከመሐልና ከታች ለክታችሁ ሦስቱንም ጻፉ፤ የሶኬትና የማብሪያ ማጥፊያ ከፍታ ይመዝገብ፤ እያንዳንዱን ግድግዳ ከፊት ለፊቱ ካለው ጥግ ፎቶ አንሱ።

ቦታው

የመቁረጫ ጠረጴዛ ቁመቱ 90 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ ቢያንስ 150 በ90 ይሁን፤ የመደብር ጨርቅ አብዛኛው 150 ሴንቲ ሜትር ስለሚሰፋ ሳይታጠፍ ይዘረጋል። በጠረጴዛው ላይ የቀለም ናሙና፣ ሴራሚክ ወይም የጂፕሰም ቁራጭ አይቀመጥ። የሳይት ጫማና ልብስ በር ላይ ይቅር።

መብራት ሲኖር መጀመሪያ የሚሠራው ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ እንዳይተረተር የሚሰፋው መኪና) እና ካውያ ነው፤ ቀጥ ያለ ስፌት በእግር የሚሠራ ሲንጀር ላይ ሊቆይ ይችላል። መብራት ሲጠፋ የከሰል ካውያ የምትጠቀሙ ከሆነ በልብሱ ላይ ሁልጊዜ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጣል አድርጉ፤ አንድ ፍንጣሪ ነጭ ቀሚስ ትበሳለች።

የመጋረጃ ትርፍ ለልጅ ልብስ ይሆናል?

ሁለቱን ሥራ የያዘ ሰው ሁሉ ይህን ይጠይቃል። መጋረጃ የሐዲዱን ርዝመት ከ2 እስከ 2.5 እጥፍ አድርጎ ሲሰላ ከጥቅሉ መጨረሻ 50፣ 80 ሴንቲ ሜትር ይተርፋል፤ ያሳሳል። በመጀመሪያ ጨርቁ የማን ነው? ደንበኛው ከፍሎበታል፤ ውሉ ላይ «ትርፍ ጨርቅ ለዲዛይነሩ» ካልተባለ የእሱ ነው፣ መልሱለት። ቀጥሎ የጨርቁ ዓይነት ይታይ። ከጀርባው ብርሃን እንዳያሳልፍ የተቀባ ነገር ያለው መጋረጃና የሶፋ ጨርቅ ለልጅ ልብስ አይሆኑም፤ አየር አያሳልፉም፣ አንዳንዱም እሳት እንዳይዘው ወይም ቆሻሻ እንዳይዘው በኬሚካል የተነከረ ነው። በሀዋሳ ሙቀት የልጁ ቆዳ ላይ ሽፍታ ያወጣል። የጥጥና የተልባ እግር መጋረጃ ግን ሁለት ጊዜ ከታጠበ በኋላ ለሱሪ ያምራል።

ጥጥ መሆኑን ለማወቅ ከዳሩ ጥቂት ክሮች መዝዛችሁ በብረት ቆንጥጣችሁ ከሣህን በላይ ለኩሱ። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይበናል። ፖሊስተር ይቀልጥና ሲበርድ ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይሆናል። ሁለቱንም ካሳየ ድብልቅ ነው፤ ለላይ ልብስ እንጂ ለቆዳ አይሁን።

ማንኛውም ጥጥ ሳይቆረጥ ይታጠብ። ከጨርቁ 20 በ20 ሴንቲ ሜትር ቆርጣችሁ በሙቅ ውኃ እጠቡ፣ አድርቁ፣ ተኩሱ፣ ለኩ። 19 ከሆነ 5 በመቶ ይሰበሰባል ማለት ነው፤ በ3 ሜትር 15 ሴንቲ ሜትር። ይህን የዘለለ ሰው ቀሚሱ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ወገቡ ደረት ላይ ይወጣበታል።

ልኬትና የጨርቅ መጠን

«አራት ዓመቷ ነው» የሚል ልኬት የለም። ደረት፣ ወገብ፣ ከትከሻ እስከ ወገብ፣ ከወገብ እስከ ጉልበት፣ የአንገት ዙሪያ፣ የጭንቅላት ዙሪያ ይለኩ። እናትየው ሩቅ ከሆነች ልጅቷ አሁን የምትለብሰውን ልክ የሆነ ቀሚስ ትላክ። ለማይለጠጥ ጨርቅ በደረት ላይ 8 ሴንቲ ሜትር መላወሻ ይጨመር።

ወገቧ ከመላወሻው ጋር 60 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ልጅ ሽብሽቡ ሁለት እጥፍ፣ 120 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። የታችኛው ክፍል ቁመት 36፣ ለእጥፋት 7፣ ለስፌት 1፣ በድምሩ 44 ነው። ለላይኛው ክፍልና ለእጅጌው 30 ሲጨመር 74 ይሆናል፤ ለመሰብሰብ አንድ አሥረኛውንና ለአንገት ሰያፍ ቁራጭ ጥቂት ስታክሉበት 90 ሴንቲ ሜትር። 1 ሜትር ግዙ። የ7 ሴንቲ ሜትሩን እጥፋት አትቆጥቡ፤ በዚህ ዕድሜ ልጅ በዓመት 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል፣ እናትየው በሚቀጥለው ዓመት እጥፋቱን ፈታ ታስረዝመዋለች። ይህን ሲነገራት ዋጋ አትከራከርም።

የሽመና ልብስ ሌላ ነው። ፈትል ከመደብር ጨርቅ ይጠባል፤ ጥቅሉ ሁሉ እኩል አይደለም፣ ስለዚህ ሁልጊዜ ለኩ። ጠርዙ ቶሎ ይተረተራል፤ እንደተቆረጠ ወዲያው ኦቨርሎክ ይደረግ፣ የስፌት ትርፉም ከ1 ወደ 1.5 ሴንቲ ሜትር ይደግ። የወርቅ ዘቦ ያለው ጥለት ከኋላው ይቧጭራል። ልጅቷ ጥምቀት ላይ ታቦት ሳይገባ ልብሱን አውልቁልኝ ብላ የምታለቅሰው በዚህ ነው። ጥለቱ ደረቷንና አንገቷን በሚነካበት ሁሉ ከሥር ስስ የጥጥ ገበር ይግባ። የፖሊስተር ገበር አይሁን፣ ያልባል።

አንገቱ

ጎበዝ ሰፊ የሚታወቀው በአንገት ነው፤ ሲቸኩሉ የሚበላሸውም እሱ ነው። ጨርቁ እንደተቆረጠ፣ ሌላ ነገር ሳይነካ፣ ከጠርዙ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ አንድ መስመር ስፉ፤ ከትከሻ ወደ መሐል፣ ከዚያ ከሌላው ትከሻ ወደ መሐል። ይህ መስመር ከሌለ ክቡ ጠርዝ በእጅ ሲያዝ ብቻ ይለጠጣል።

ቀጥሎ ከዋናው ጨርቅ በ45 ዲግሪ ሰያፍ አድርጋችሁ 3.5 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ቁራጭ ቁረጡ። አንገቱ 32 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ቁራጩ 30 ሆኖ ለሁለቱ ጫፎች 2 ይጨመርለት። በ0.7 ሴንቲ ሜትር ስትሰፉ ቁራጩን ለስለስ ባለ እጅ ሳብ አድርጉት፣ አንገቱን ግን አትሳቡ። ትርፉን በየ1.5 ሴንቲ ሜትር በመቀስ ጫፍ ቁረጡ፤ ከክሩ 2 ሚሊ ሜትር ሲቀር ይቁም። ወደ ውስጥ አጥፉት፣ ተኩሱት፣ ከዚያ ላዩን ስፉ። ቁራጩ ከላላ አንገቱ እንደ ስኒ አፍ ከቆዳው ይርቃል። ከጠበቀ ይጨማደዳል። የመቀሱ ነገር ከተዘለለ ካውያ የማያስተኛው ጉብታ ይቀራል።

አሁን ሒሳብ አለ። የልጅቷ ጭንቅላት 50 ሴንቲ ሜትር ነው፣ አንገቱ 32። አያልፍም። ልዩነቱ 18 ነው፤ ከኋላ የሚከፈተው መሰንጠቂያ በሁለት ጎኑ ስለሚከፍት ቢያንስ 9 ሴንቲ ሜትር ይፈልጋል። 12 አድርጉት። ይህ ስሌት ሳይሠራ የተሰፋ ቀሚስ ጨርሶ አይለበስም።

መርፌው ለፖፕሊንና ለስስ ጥጥ ቁጥር 11፣ ለወፍራም ጥጥ 14 ይሁን፤ ለሚለጠጥ ጨርቅ ጫፉ ክብ የሆነው መርፌ ይግባ፣ አለዚያ ስፌቱ እየዘለለ ይሄዳል። መጋረጃ በሰፋችሁበት መኪና ላይ ወዲያው የሕፃን ልብስ አታስገቡ፤ መርፌው ይቀየር፣ የክሩ ውጥረት በቁራጭ ጨርቅ ይሞከር።

የማይታለፉ ነገሮች

በአንገትና በኮፍያ ላይ የሚታሰር ገመድ አይደረግ፤ በመጫወቻ ወይም በበር ተይዞ ያንቃል። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ዶቃና በማጣበቂያ የተለጠፈ ጌጥ አይሆንም። ቁልፍ በእጅ ስድስት ጊዜ ተመላልሶ ይሰፋ፣ ከሥሩ ክሩ ይጠምጠም፣ ከዚያ በኃይል ይጎተት። ማሰሪያ ካስፈለገ የሕፃን ልብስ ላይ ከቁልፍ ይልቅ ላስቲክ ይሻላል፤ ከወገቡ 4 ሴንቲ ሜትር ያጠረ ይሁን፣ ከዚያ በላይ ካጠረ ሆድ ላይ መስመር ያወጣል።

ገንዘቡ

ሁለት መዝገብ፣ ሁለት የባንክ ሒሳብ። የዲዛይን ቀብድ ጨርቅ አይገዛበት፤ የሴራሚክ ዋጋ በሁለት ሳምንት ሲጨምር ከየት ይሟላል? ስፌት ላይ የጨርቅና የቁልፍ ሙሉ ዋጋ በትዕዛዝ ቀን ይከፈል፣ የእጅ ዋጋው በርክክብ። ለስሌቱ ማሳያ ያህል፦ ጨርቅ 600፣ ገበር 150፣ ክርና ቁልፍ 80፣ መብራትና የመኪና ጥገና 40፣ 5 ሰዓት በ120 ብር 600፤ ድምር 1,470። 15 በመቶ ሲጨመር 1,690 ብር። ከዚህ በታች የሚሸጥ ከሆነ የምትሰጡት የራሳችሁን ሰዓት ነው፤ ያ ሰዓት ደግሞ ዲዛይን ላይ ቢውል ይከፈልበት ነበር።

በተለይ ቤቷን የምታሳምሩላት ደንበኛ «ለልጄም በዚያው አንድ ቀሚስ» ስትል ተጠንቀቁ። በደስታ ተቀበሉ፤ ግን በሌላ ደረሰኝ፣ በሌላ ቀጠሮ። በዲዛይኑ ክፍያ ውስጥ ከተደባለቀ ቀሚሱ ምርቃት ይሆናል፤ አንድ ቀን ሲዘገይ ደግሞ የቤቱም ክፍያ አብሮ ይያዛል።

ሥራው ሲበዛ

ሁሉንም ለሌላ ሰው መስጠት አይቻልም። መቁረጥና አንገት ከእጃችሁ አይውጣ። ኦቨርሎክ፣ የጎን ስፌት፣ ሽብሽብና የቁልፍ ቀዳዳ ይሰጣል። የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም ከተመረቀ ወዲህ በከተማው የፋብሪካ መኪና የለመዱ ብዙ ሰፊዎች አሉ። ፋብሪካ ውስጥ አንድ ሰው አንድ ስፌት ደጋግሞ ስለሚሠራ በዚያች ስፌት እጃቸው እጅግ ፈጣን ነው፤ ስለዚህ ስምንት ሙሉ ቀሚስ ከመስጠት የስምንቱንም የጎን ስፌት አንድ ላይ ስጡ፣ አንድ የተሰፋ ናሙና አብራችሁ፣ ክፍያውም በቁራጭ ይሁን።

የልብስ ፋብሪካ አንድ ጥብቅ ሕግ አለው፤ ቤትም ይሠራል። መርፌ ሲሰበር ቁርጥራጮቹ በሙሉ ተገኝተው ካልተገጣጠሙ ልብሱ አይወጣም። እያንዳንዱ ቀሚስ ሲጀመር የምትወጉት ስፒል ይቆጠር፣ ሲያልቅም ይቆጠር። 20 ወጥቶ 19 ከተመለሰ በእጥፋቱና በሽብሽቡ ውስጥ ማግኔት አሳልፉ፤ ካልተገኘ ገበሩን ፍቱት።

ሲታሸግ በወረቀት ላይ የእጥበቱ ዓይነት ይጻፍ፦ ጥለት ያለው በቀዝቃዛ ውኃ፣ በእጅ፣ ሳይጠመዘዝ፣ ጥላ ላይ ተሰጥቶ ይድረቅ፤ ካውያው ከኋላ በኩል ይሁን። የተረፈውን የጨርቅ ቁራጭና አንድ ትርፍ ቁልፍ በትንሽ ከረጢት አብሩት።